አንቀጽ ሰባትና የቢስቲማው በሬ

ከወሎ ከተመለስኩ አንድ ወር አለፈኝ፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። የሐዋሳ ጓደኞቼ ስለ ተራራው፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሰዉ ደግነት እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው የመኪና ኢንሹራንስ ነው። "አንቺ ሴትዮ፣ ደሴ ድረስ ሄደሽ ያየሽው ወረቀት ብቻ ነው እንዴ?" አለችኝ አንዷ። ወረቀትም አይቻለሁ፤ ወረቀቱ ያላየውንም አይቻለሁ። ስለዚህ ለእሷም፣ ወደዚያ የመሄድ አጋጣሚ ለማታገኝ ለማንኛዋም፣ ከመነሻው ጀምሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የሄድነው በአባቴ ምክንያት ነው። አባዬ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰው ሁሉ መምህር ዳኜ ይለዋል። በወጣትነቱ ቢስቲማ በምትባል፣ ከደሴ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለች የወረባቦ ከተማ አራት ዓመት አስተምሯል። እዚያ ሳለ ወባ ጥሎት ራሱን ሲስት፣ እንድሪስ የሚባል ገበሬ ጓደኛው ጎረቤቶቹን አስተባብሮ በቃሬዛ ተሸክሞ ሐይቅ ክሊኒክ አድርሶታል። አባዬ ይህን ታሪክ ሳይናገር ያለፈ በዓል የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልተገናኙም። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ግላኮማው ዓይኑን እየወሰደው መሆኑን ሲነግረው፣ አባዬ ወደ እኔ ዞረና "ዓይኔ ሳይጠፋ የእንድሪስን ፊት ልይ" አለኝ። እኔም ያን ቀን ቃል ገባሁለት።

ማክሰኞ

ማለዳ ከሐዋሳ ተነስተን፣ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ገባን። ያረፍነው እትዬ አስካለ ቤት ነው፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ አባዬን የሚያውቁት በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል ነው። የእንድሪስን ስልክ አፈላልገው ያገኙልንም እሳቸው ናቸው። የሐዋሳ ሰው ነው የሚመጣው ብለው ከሐይቅ ዓሣ አስመጥተው ጠብሰው ጠበቁን። አባዬ አንዱን አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋና "የእኛው ተለቅ ይላል" አለ። በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። እትዬ አስካለ ግን አልተቀየሙም፤ "እንግዲህ ትንሽ ከሆነ ሁለት ይብሉ" ብለው ሌላ ጨመሩለት።

ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፤ በዚህ ከሐዋሳ ብዙ አትለይም። የሚለየው ዙሪያዋ ነው። እኛ ጋ መሬቱ ጠረጴዛ ነው፣ ባጃጁም ብስክሌቱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እዚህ ግን ቀና ባልሽበት ሁሉ ተራራ ቆሞ ያይሻል። እትዬ አስካለ መኪና ከነሹፌሩ እንድከራይ መከሩኝ። እኔ ግን አባዬ እንድሪስ ቤት የፈለገውን ያህል እንዲቀመጥ፣ "እንሂድ፣ መሸ" የሚል ሹፌር ከኋላው እንዳይቆምበት ፈለግኩ። ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ የሐዋሳን ባጃጅ ያመለጠ ሰው ምን ይፈራል አልኩ። ይህን በማለቴ አሁን አፍራለሁ።

ረቡዕ

የኪራይ ቢሮው ከዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሚኪያስ ይባላል፤ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙን አሳምሮ የተኮሰ፣ በጣም ትሁት ሰው። ትህትናውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ነጭ፣ ከመሬት ከፍ ያለች መኪና አሳየኝና ወዲያው ወደድኳት። ቀጥሎ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት ፊቴ ዘረጋ።

"ኢንሹራንሱ ሦስት ዓይነት ነው፣ ቲቸር" አለኝ፤ መምህርት መሆኔን ነግሬው ነበር። የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ በሌላ ሰውና በንብረቱ ላይ ለሚደርስ ጉዳት፣ ሕግ የሚያስገድደው፣ ከመኪናዋ ጋር የሚመጣ። ሁለተኛው ሙሉ ኢንሹራንስ ነው፤ መኪናዋ ራሷ ብትጎዳ ይሸፍናል፣ መስታወት፣ መብራትና ጎማ ግን አይጨምርም። ሦስተኛው "ሙሉ ፕላስ" ነው፤ መስታወቱም፣ መብራቱም፣ ጎማውም አለበት፣ ምንም ቢደርስ የማስይዘው የገንዘብ መያዣ ሳይነካ ይመለስልኛል።

"እስኪ ውሉን ስጠኝ፣ ላንብበው" አልኩት።

"ማንበብ?"

"ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልብላው?"

ውሉ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ፊደሉ የጤፍ ቅንጣት ያክላል። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ወረቀት ያረምኩ ሰው ነኝና አላለፍኩትም፤ ሁለት የፊደል ስህተት አግኝቼ በቀይ ብዕሬ አረምኩለት። ሚኪያስ "ኦርጅናል ነው እኮ!" ብሎ ብድግ አለ። አንቀጽ ሰባት ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ ተከራዩ በአደጋው ስፍራ ጥፋቱን ያመነ፣ ይቅርታ የጠየቀ ወይም ድርጅቱ ሳይፈቅድ በሽምግልና የተስማማ እንደሆነ፣ ሽፋኑ በሙሉ ቀሪ ይሆናል።

"ይቅርታ የጠየቀ?" አልኩ።

"እ... አዎ።"

"ሰው ገጭቼ ይቅርታ አልልም?"

"ያው ለሕግ ጉዳይ ነው። ማንም አይጠቀምበትም።"

"ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ ለምን ተጻፈ?"

"እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ቲቸር" አለኝ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

መወሰን አቃተኝና ለምሳ ቤት ተመለስኩ። ያንን ተራራ ለብቻዬ የምወጣ ብሆን ርካሹን ይዤ እሄድ ነበር፤ እኔ የያዝኩት ግን ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ አባት ነው። እትዬ አስካለ "እኔ ብሆን ርካሹን ገዝቼ፣ ጸልዬ እወጣለሁ" አሉ። ወዲያው ደግሞ ሐሳባቸውን ቀየሩ። "ግን እስላም ጎረቤቶቼ የሚሉት አለ፤ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ይላሉ። እሱም እውነት ነው።" አባዬ ግን "አንዱን ያዢና እንሂድ። የኔ ዓይን ውል እስኪነበብ አይጠብቅም" አለ።

እኔም ግመሌን በሦስት ገመድ ለማሰር ወሰንኩና ከሁሉ ውዱን፣ ሙሉ ፕላስን ገዛሁ። አንቀጽ ሰባትን እያወቅኩ ፈረምኩ። ማንንም እንደማልገጭ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ፊርማ የምናኖረው ሁላችንም እንዲህ እያልን አይደል?

ሐሙስ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ለሐዋሳ ሰው መቀጣጫ ነው። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ጭነት መኪናው እያቃሰተ ይወጣል፣ ከላይ የሚመጣው ደግሞ ፍሬኑን እያስጮኸ ይወርዳል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ስለ አንቀጽ ሰባት ነበር የማስበው። "ይሄ ቢገጨኝ፣ እሱ ይቅርታ ቢለኝ፣ የሱም ኢንሹራንስ ይሰረዛል ማለት ነው?" እላለሁ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ "መሪውን ያዢ" ይለኛል።

ደሴ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። አንድ ሰዓት ባልሞላ መንገድ ውስጥ ከሸሚዝ ወደ ጋቢ መሸጋገር የትም አላየሁም። ያረፍንበትን ሆቴል የያዝነው ሙቅ ውሃ አለው ተብሎ ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ሳይሆን ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ልቆጣ ወርጄ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ሴት ሳገኛት፣ እኔ ሳልናገር ይቅርታ ጠይቃኝ፣ ከራሷ ቤት ያስመጣችውን ሁለት ፔርሙስ ሙቅ ውሃና የባሏን ሹራብ ለአባዬ አስታቀፈችኝ። "አብሽሪ፣ ነገ ትመልሺልኛለሽ" አለችኝ። አብሽሪ ማለት እዚያ አገር አይዞሽ ማለት ነው፤ አራት ቀን ውስጥ መቶ ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም። አስቡት እንግዲህ፤ ይህች ሴት ጥፋቷን አመነች፣ ይቅርታ ጠየቀች። በአንቀጽ ሰባት ብትዳኝ የሆቴሉ ሽፋን ቀሪ ሆኖ ነበር።

ዓርብ

ጠዋት ሹራቡን መልሰን ወደ ሐይቅ ወረድን። የሐይቁን ውሃ ከመንገዱ ሲያይ አባዬ "የእኛው..." ብሎ ጀመረና፣ አየሁት፤ ዝም አለ። ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ተገንጥለን የቢስቲማን ጠጠር መንገድ ያዝን። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ሰዉ እርሻውን እያዘጋጀ ክረምቱን ይጠብቃል።

እውነቱን ልናገር፤ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። መንገዱ ጥሩ ነበር፣ ፀሐይዋም ጥሩ ነበረች፣ መኪናዋም ጥሩ ነበረች። እኔ ግን ስለ ውሉ ለአባዬ ለሃያኛ ጊዜ እያስረዳሁ፣ አንድ እጄን ከመሪው አንስቼ በአየር ላይ አወናጭፍ ነበር። "ሰው ይቅርታ እንዳይል በገንዘብ የሚቀጣ ሕግ..." እያልኩ ታጠፍኩ። ከመታጠፊያው ወዲያ ውሃ ጠጥተው የሚመለሱ ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፣ ጎማው በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ከዚያ የቀኝ መብራቱ ሲሰበር ሰማሁ። አንድ ትልቅ ዳልቻ በሬ የኋላ እግሩ ተሰብሮ መንገዱ ላይ ወድቋል።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ምን ይመስላችኋል? ስልክ አነሳሁ።

"ቲቸር፣ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት" አለኝ ሚኪያስ፣ በዚያው ትህትናው። "በሩን ቆልፈው ይቀመጡ። ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ አይውረዱ። ይቅርታ ካሉ ሙሉ ፕላሱ ሄደ ማለት ነው።"

በመስታወቱ አሻግሬ አያለሁ። ባለ በሬው አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ኋላ እንዳወቅኩት ስሙ ሰኢድ ነው። ይጮኻል፣ ድንጋይ ያነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ከበሬው ራስ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቀንዱን በእጁ ያዘና "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላል። ለክረምት እርሻ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም፤ የጎረቤቱን አንድ በሬ ከራሱ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። በሬው ከሞተ የሁለት ቤት እርሻ ነው የሚቆመው።

"ውረጂ" አለኝ አባዬ።

"አባዬ፣ ውሉ..."

"ውረጂ፣ ሰናይት።"

አልወረድኩም። ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን አልወረድኩም። አባዬ በሩን ራሱ ከፈተና፣ በከዘራው መሬቱን እየዳበሰ፣ ዓይኑ በደንብ ወደማያየው ሰው ሄደ። ጎንበስ አለ። በከፈተው በር በኩል ድምፁ ይሰማኛል። "ወንድሜ፣ የነዳችው ልጄ ናት። ጥፋቱ የእኛ ነው። እኔ ነኝ የምለምንህ፣ ይቅር በለን።"

ስልኩን ወንበሩ ላይ ወረወርኩት፤ ሚኪያስ አሁንም "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። ወርጄ ከአባቴ አጠገብ ተንበረከክሁና "እኔ ነኝ። መንገዱን አላይም ነበር። ይቅርታ" አልኩ። ሰኢድ ቀና ብሎ አየኝ። "የአላህ ቀደር ነው፣ እሱ የጻፈው ነው፣ እህቴ" አለ። "አባትሽን ከፀሐይ አንሺያቸው።"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። በሬው አይድንም። ሕይወቱ ሳይወጣ መታረድ አለበት አሉና አንድ ሰው ቢስሚላህ ብሎ አረደው። የጁምዓ ሶላት ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ በመስጊዱ ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከመካከላቸው አንድ ረጅም፣ ጀርባቸው የጎበጠ ሽማግሌ አባዬ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

"በሬውን በገጨችው ነጭ መኪና የመጣው የድሮ መምህር ነው አሉኝ" አሉ። "የምጠብቀው እንግዳዬ እንዳይሆን ብዬ ሮጥኩ። ዳኜ?"

አባዬ እጁን ዘርግቶ ፊታቸውን ዳሰሰ፤ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ ነጭ ጺማቸውን። ከዚያ በጣም ተጠግቶ አያቸው። "ሸበትክ እኮ፣ እንድሪስ" አለ። ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፣ ሰኢድም ጋቢውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ሃምሳ ዓመት የተጠበቀ ፊት በእኔ ጥፋት መንገድ ዳር፣ ከታረደ በሬ አጠገብ ታየ።

ሐጂ እንድሪስ ወደ ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። "እኔ የእንግዶቹ ወገን ነኝ፣ በዚህ ነገር መፍረድ አይገባኝም" ብለው ከጎናችን ተቀመጡ። ሸንጎውን የመሩት ሌላ ሽማግሌ ጠየቁኝ።

"ማነው ያጠፋው፣ ልጄ?"

"እኔ ነኝ። እጄን እያወናጨፍኩ እያወራሁ ነበር።"

"ስለ ምን ታወሪ ነበር?"

"ስለ ኢንሹራንስ።"

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ሰኢድ እንኳ ሳቀ። የቀረው ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። የበሬው ሥጋ ለሠላሳ ቤት በመደብ ይከፈላል፤ ቅርጫ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት የመደቡን ዋጋ ለሰኢድ ይሰጣል፣ የሌለው አዝመራ ሲገባ ይሰጣል። ሌላ በሬ እስኪገዛ ድረስ ሁለት ቤቶች በሬያቸውን በተራ ያውሱታል። ቅጽ አልተሞላም፣ ፎቶ አልተነሳም። ለእኔም አንድ መደብ ደረሰኝ።

"ሙሉውን እኔ ልክፈል" አልኩ። "የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለብቻሽ ከከፈልሽውማ ቅጣት ሆነ። እኛ መች ቀጣንሽ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።"

ከዚያ ቢስቲማ ፖሊስ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ በሽማግሌ መታረቃችንን ጻፉልኝ። ሕጉን ልሰውር አልፈለግኩም።

ያደርነው ሐጂ እንድሪስ ቤት ነው። አባዬ የእስላም ሥጋ እንደሚበላ፣ እምነቱ እንደማይከለክለው ቢምልም አልሰሙትም። እንደ ድሮው፣ ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርጉት፣ አንድ ዶሮና ቢላዋ አምጥተው "በእጅህ እረድ" አሉት። ዶሮዋ የአባዬን ዓይን አይታ ነው መሰለኝ ከእጁ አምልጣ ጣሪያ ላይ ወጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በከዘራ እየተከተሏት ግቢውን ሲዞሩ ያየ ሰው የሰባ ስምንት ዓመት ሰዎች ናቸው አይልም። ራታችን እንቁላል ሆነ።

ራት ላይ ስለ ኢንሹራንሱ ነገርኳቸው፤ ምን ያህል ውድ እንደገዛሁ፣ አንቀጽ ሰባት ምን እንደሚል። ሐጂ በጥሞና ሰሙኝ። "አብሽሪ፣ ልጄ" አሉ። "አንቺ ግመልሽን አስረሽ ነው የመጣሽው። ገመዱ ነው የበሰበሰው።"

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ቢሮው ደረስን። አንድ ዓይኗ የጠፋች መኪና እያየ ሚኪያስ አዘነ፤ እውነት ነው የምለው፣ አዘነ። የፖሊሱን ወረቀት አንብቦ ሲጨርስ ግን እጁን ግንባሩ ላይ አኖረ።

"ቲቸር፣ ምን አደረጉ? 'ጥፋቱ የእኔ ነው' ብለዋል እኮ።"

"ስለ ነበረ ነዋ።"

"ይቅርታም ብለዋል። ሽምግልናም ገብተዋል። ሦስቱንም!"

ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አውጥቶ ወደኔ ገፋው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በሬው ያለ ጠባቂ ድንገት መንገድ ገብቶ ነው ብለው ይሙሉ። የፖሊሱን ቃል በድንጋጤ የሰጡት ነው ብለን እናያይዛለን። ድርጅቱ ይከፍላል፣ መያዣዎ ይመለሳል። ከዚያ ድርጅቱ ወጪውን ከባለ በሬው ይጠይቃል።"

"ከማን?"

"ከባለ በሬው።"

እንዴት እንደ ጮኽኩ አላስታውስም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎማ ሠሪ ወጥቶ እንዳየን ግን አስታውሳለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ልታስለቅመኝ ነው ወይ አልኩት። በሬውን የገደልኩበት፣ ይቅር ያለኝ፣ አባቴን ከፀሐይ አንሺ ያለኝ ሰው፣ በመጨረሻ የመብራት ዋጋ ሊከፍል ነው ወይ አልኩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ እናንተ ግን አለማስጣል ብቻ አይደለም፣ ሌላ ሰው ለጅቡ የምትሰጡ ናችሁ አልኩት። ሚኪያስ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"እናቴ ያለችው ሐርቡ ነው" አለ በመጨረሻ፣ እኔን ሳያይ። "በሬ ሲሰበር እኛም ቅርጫ እንገባለን።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... ውሉ ሐርቡን አያውቅም።"

እስካሁን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ንዴቴን እሱ ላይ ጥዬ እገላገል ነበር። ክፉ አይደለም፤ ደግነቱን ቢሮው በር ላይ እንደ ጃንጥላ አስቀምጦ የሚገባ ሰው ነው። አባዬ በከዘራው ወለሉን መታ። "መያዣውን ይውሰዱት" አለ። "ፈርሚና እንውጣ።" ቅጹን ባዶውን መለስኩለትና መያዣዬን የምተውበት ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ደጅ ስንወጣ በንዴት አለቀስኩ።

እሁድ

እትዬ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኙን። ጉዞው ምን ያህል እንደ ከፋኝ ሲያዩ "መሄድሽ ቆጨሽ?" አሉኝ። አባዬ ቀድሞ መለሰ፤ "እኔን አልቆጨኝም፣ አይቼዋለሁ።" አውሮፕላኑ ውስጥ ወደ መስኮቱ አልዞረም። ዓይኑን ጨፍኖ ሲስቅ አየሁት፤ ዶሮዋን አስታውሶ ይሆናል።

ከተመለስን በኋላ

ጉዞው እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሐጂ እንድሪስ ደወሉ። ሰኢድ በሬ መግዛቱን ነገሩኝ፤ እሱም ዳልቻ ነው አሉ። ከዚያ "መኪናዋስ? ኢንሹራንሱ ከፈለ?" ብለው ጠየቁኝ። ልደብቅ አልፈለግኩም፤ ይቅርታ በማለቴ መያዣዬን እንዳስቀሩት ነገርኳቸው። "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አሉና ተሰናበቱኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ መልሰው ደወሉ። ድምፃቸው ተቆጥቷል።

"ሰዉ ተቆጥቷል፣ ልጄ" አሉ። "የበሬው ጉዳት ለሠላሳ ቤት ተካፈለ። የመኪናዋ ጉዳት ግን ለአንዲት ሴት ብቻዋን ቀረ። ይሄ ሐቅ ነው? ወላሂ አይደለም። ስለዚህ ለመብራቱም ቅርጫ ገባን። ልጄ በስልክ ይልክልሻል።"

"ሐጂ፣ በሬ የገደልኩት እኔ ነኝ! በፍጹም አልቀበልም" አልኩ።

አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ይሰማል። አሁን ዓይኑ ከእኔ ፊት አልፎ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ክንዴን ያዘኝ። "ተቀበይ" አለኝ። "እምቢ ካልሽ ያንን በሬ ሁለተኛ መግጨትሽ ነው።"

ተቀበልኩ። አመስግኜያቸው፣ "ለመሆኑ መጀመሪያ ያዋጣው ማነው?" አልኳቸው።

ሐጂ እንድሪስ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በመኖሩ የተገረሙ መሰሉኝ።

"ሰኢድ ነዋ!" አሉ። "ሌላ ማን ይቀድማል? የመታሽ እኮ የሱ በሬ ነው።"